አኩፋዳና የሳፖርት ካርድ

አጎት፦ ካርዱን እናትሽ አሳየችኝ። ፎቶሽ አለበት። ከሥሩ «በየወሩ» ይልና ሦስት ባዶ ሳጥኖች አሉት፤ 40፣ 75፣ 150 ዶላር። እኔ አጎትሽ ነኝ። ቢቸግርሽ «ጋሼ ቸገረኝ» ትይኛለሽ፣ ያለኝን እሰጥሻለሁ፣ ወረቀት አያስፈልገንም። ይኼ ምንድን ነው?

ወጣቷ፦ ቸግሮኝ አይደለም ጋሼ። በተማሪዎች አገልግሎት ለአንድ ዓመት ኢንተርን ሆኛለሁ፤ የተመደብኩት ዳውንታውን፣ አውራሪያ ካምፓስ ነው። ድርጅቱ ከራሱ ካዝና ደመወዝ አይከፍለንም። እያንዳንዳችን የሚደግፉንን ሰዎች እንፈልጋለን፤ እነሱ ለድርጅቱ ይልካሉ፣ ድርጅቱ ደረሰኝ ይሰጣቸዋል፣ ለእኔ ደግሞ በየወሩ ይከፍለኛል። እዚህ አገር ካምፓስ ላይ የሚያገለግሉ ትልልቅ ድርጅቶች አብዛኞቹ ሠራተኞቻቸውን የሚያኖሩት በዚህ መንገድ ነው።

አጎት፦ ከተመረቅሽ ስድስት ወር አልሞላሽም። እናትሽ ነርሲንግ ሆም ደብል እየሠራች፣ ወገቧ እስኪጎብጥ አስተማረችሽ። የመጀመሪያ ደመወዝሽን ስትጠብቅ የመዋጮ ካርድ መጣላት። እኩዮችሽ ሥራ ይዘዋል። አንቺ አንድ ዓመት ልታባክኚ ነው።

ወጣቷ፦ አንድ ዓመት ማገልገል ለእኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? በጃንሆይ ጊዜ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኞቹም የሚያስተምሩ ነበሩ። ሰርቪስ ትሉት የለ? ደብረ ማርቆስ ሂሳብ ያስተማረዎት ልጅ እንደዚያ የመጣ ነው። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።

አጎት፦ እውነት ነው። ዕድሜው ካንቺ አይበልጥም ነበር። እሱ እስኪመጣ ድረስ ሂሳብ ማለት ዱላ ነበር የሚመስለኝ። ግን እሱን የላከው ዩኒቨርሲቲው ነው። ላኪው ቻለው እንጂ እኛ ቤት ካርድ ይዞ አልመጣም። አንቺን ማን ላከሽ?

ወጣቷ፦ እግዚአብሔር ላከኝ ብዬ ነው የማምነው።

አጎት፦ አሜን። የጠየቅኩሽ ግን ስለ ሰዎቹ ነው። ነይ እናስላው። በ2025 ዴንቨር ውስጥ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 18 ዶላር ከ81 ሳንቲም ነበር። ኮልፋክስን ይዘሽ ወደ ምሥራቅ ስትመጪ፣ ዮሰሚቲ መንገድን እንደተሻገርሽ ኦሮራ ገባሽ፤ እዚህ 14 ዶላር ከ81 ነበር። አንድ አስፋልት በተሻገርሽ 4 ዶላር ቀረ። ካርድሽ የሚደርሳቸው ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ ከአስፋልቱ ወዲህ ያሉት ናቸው። ትንሿ ሳጥን፣ 40 ዶላሯ፣ ገና ታክስ ሳይቆረጥባት ለእነሱ የሦስት ሰዓት ገደማ ሥራ ናት። ሽማግሌ ስታገላብጥ የምታድር ሴት፣ ኤርፖርት ዊልቸር የሚገፋ አባት፣ በየወሩ ሦስት ሰዓት ላንቺ ይሥሩ?

ወጣቷ፦ ይህን ሂሳብ ሳላስበው የቀረሁ መሰለዎት? ካርዱን ለሰው ስሰጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አጎት፦ ልመና ስለሆነ ነዋ። ሌላ ስም የለውም።

ወጣቷ፦ አያቴስ ለምነው አይደል የተማሩት?

አጎት፦ አባቴን እዚህ ውስጥ አታስገቢው።

ወጣቷ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አስገባቸዋለሁ። ከጎጃም ተነሥተው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ ድጓ ለመማር ጋይንት ቤተልሔም ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ዱላ ይዘው። መንደር ደርሰው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ ቀድሞ የሚወጣው ውሻ ነበር። ባታቸው ላይ የነበረውን ጠባሳ ያሳዩኝ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ እጄን ይዘው አስነኩኝ። ለምነው ያመጡትን ቁራሽ አድርቀው ኮቸሮ እየበሉ ነው ድጓውን የዘለቁት። አያፍሩበትም ነበር። ይኮሩበት ነበር።

አጎት፦ ይኮሩበታል፤ ሥርዓት ስለሆነ። የባላባት ልጅ እንኳ ቤቱ ጎተራ ሙሉ እህል እያለው አኩፋዳውን ይዞ ይወጣል፤ ትሕትና የሚማረው እንዲያ ነው። ሰጪዋም የምታደርገውን ታውቃለች። ዛሬ ቁራሽ የሰጠችው ልጅ ነገ ልጇን የሚያጠምቅ፣ ሙታኗን የሚሸኝ ካህን ነው። አገሩ በሙሉ የሚያውቀው ውል ነበር። ደግሞ አባቴ የለመነው ከእንጀራው የተረፈውን ነው። ያንቺ ካርድ የተረፈ አይጠይቅም፤ ሬንት ሳይከፈል ከባንክ ይቆርጣል። እሱ ለመማር ለመነ፣ አንቺ ተምረሽ ጨርሰሻል።

ወጣቷ፦ አልጨረስኩም። ዲግሪዬ ሰው መስማት አላስተማረኝም። ነሐሴ ላይ ስጀምር ጠረጴዛ ዘርግቼ ቲቮሊ በር ላይ ቆምኩ። ቲቮሊ ድሮ የቢራ ፋብሪካ ነበር፤ ዛሬ የተማሪዎች ማዕከል ነው። ቀዝቃዛ ውኃ እየሰጠን ስም እንመዘግባለን። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሙሉ ደብተር ስም ሞላ። ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የመጡት አራት ናቸው። አራቱንም በየሳምንቱ ለየብቻቸው አገኛለሁ። ሰኞ ከሌሎቹ ኢንተርኖች ጋር ሥልጠና አለ፤ ያሳለፍነውን ሳምንት ለኃላፊያችን እንናገራለን፣ እንጸልያለን፣ እንታረማለን። የማርቆስን ወንጌል ምዕራፉንና ቁጥሩን አውጥተን በሰፋፊ መስመር እናትምና፣ ተማሪዎቹ በቀለም እርሳስ እያሰመሩ ጥያቄ ያወጣሉ። እኔ የምፈተነው ዝም በማለት ነው። መልሱን እያወቅሁ፣ እነሱ እስኪደርሱበት አፌን መያዝ። በአማርኛ አገልግሎት ያደግሁ ልጅ፣ ሰባኪ ተናግሮ ሕዝብ «አሜን» ሲል ነው የማውቀው። ይህን ስማር ከብዶኛል።

አጎት፦ የኔታ በሌለበት እያንዳንዱ የመሰለውን ቢተረጉምስ? አባቴ አንድ ቃል ላይ የአበውን አንድምታ ሰምቶ፣ ደግሞ ሰምቶ ነው አፉን የሚከፍተው።

ወጣቷ፦ አባባልዎ ልክ ነው፤ እኔም አንዳንዴ እፈራለሁ። ግን ጥያቄ የማያወጣ ልጅ መልሱን ቢሰማ ምን ያደርግለታል? እዚህ ያደጉት ልጆቻችን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ መልስ ሲሰሙ ኖረው፣ ካምፓስ በገቡ በወራቸው ይጠፋሉ።

አጎት፦ እንግዲህ ስለ ወጣትና ስለ አገልግሎት የምትነግሪኝ ከሆነ እኔም ልንገርሽ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ስትዘጋ ናዝሬት ነበርኩ፤ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ነበር የምሠራው። የጸሎት ቤቶቹ ተወረሱ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። አምስት አምስት እየሆንን በየቤቱ ተሰበሰብን። ጫማ በር ላይ አይደረደርም፤ ብዙ ሰው እንዳለ ያሳብቃልና። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። ስንዘጋ 5,000 ገደማ ነበርን፤ ደርግ ወድቆ በ1983 ዓ.ም. ስንከፈት ከ30,000 በላይ ሆነን ወጣን። ለማን ደመወዝ ተቆረጠ? ማን ኢንተርን ተባለ? ቀን ሸንኮራ ውስጥ ውዬ ማታ አስተምር ነበር። አንቺም ሥራሽን ያዢና ማታ ማታ አገልግይ። ማን ከለከለሽ?

ወጣቷ፦ እርስዎ ናዝሬት ላይ ያመኑት በማን አማካይነት ነው?

አጎት፦ በጓደኞቼ።

ወጣቷ፦ ጓደኞችዎስ?

አጎት፦ ከእኛ የሚቀድሙት ተማሪዎች ነበሩ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. እንግሊዝኛ ለመለማመድ ብለው ከሜኖናይት ሚስዮናውያን ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ጀመሩ። እንግሊዝኛ ፈልገው ሄደው ወንጌል ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ነው እሳቱ የተያያዘው።

ወጣቷ፦ ይኼ ምን ይባላል ጋሼ? የተማሪዎች አገልግሎት አይደለም? አገር ቤትስ ቢሆን የወንጌላውያን ተማሪዎቹ ኢቫሱ በየዩኒቨርሲቲው የሚሠራው ምንድን ነው? የኦርቶዶክሶቹ ማኅበረ ቅዱሳን የጀመረው ደርግ ሊወድቅ ሲል ብላቴ በዘመቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል አይደል? ዛሬ ግቢ ጉባኤ የሌለበት ዩኒቨርሲቲ የት አለ? በዚያ ዕድሜ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የሚያስብበት ቦታ ካምፓስ ስለሆነ ነው።

አጎት፦ የተማሪዎች አገልግሎት አያስፈልግም አላልኩም። ሚስዮናዊው ግን እኛን ገንዘብ አልጠየቀንም።

ወጣቷ፦ እናንተን አልጠየቀም። እሱን ማን አበላው?

አጎት፦ የላከው ሚስዮን ነዋ።

ወጣቷ፦ ሚስዮኑ ገንዘቡን ከየት አመጣው? ፔንሲልቬንያ፣ ላንካስተር ያሉ ሜኖናይቶች ናቸው የላኩት። ብዙዎቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ላም የሚያልቡ፣ በቆሎ የሚዘሩ። ናዝሬት የት እንዳለች በካርታ እንኳ ላያውቁ ይችላሉ። እርስዎ እንግሊዝኛና ወንጌል የደረሰዎት በእነሱ ላብ ነው። አንድ ሰው ቆሞ ጠይቋቸው ስለሰጡ ነው። ያ ሰው ለማኝ ነበር?

አጎት፦ …

ወጣቷ፦ መሪዎቹ ሲታሰሩስ ቤተሰቦቻቸውን ማን ይቀልብ ነበር?

አጎት፦ እኛ።

ወጣቷ፦ እንዴት?

አጎት፦ ደመወዝ በተከፈለ በማግስቱ እያንዳንዱ ከኪሱ ያወጣል። ማን ስንት እንዳወጣ አይጻፍም። እኔ አንዳንዴ አደርስ ነበር። ብሩን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በዘንቢል ከሽንኩርት ሥር አድርጌ እሄዳለሁ። ሴትየዋ በር ከፍታ ዘንቢሉን ትቀበለኛለች፤ ሽንኩርቱን ገልብጣ ባዶውን ትመልስልኛለች። አንድ ቃል አንነጋገርም፤ ጎረቤት ይሰማል። ልጆቿ ከመጋረጃው ሥር እግራቸው ይታየኝ ነበር። … አየሽ ልጄ፣ ያ ልመና አልነበረም። እሷ አልጠየቀችንም። እኛ ነን የሄድንላት።

ወጣቷ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ቢመጡልኝ ኖሮ ካርድ ባላሳተምኩ።

አጎት፦ ቆይ። ወደዚያ እንመጣለን። አንድ ነገር ንገሪኝ፤ አብረውሽ ያሉት ኢንተርኖች ሳፖርታቸውን ሞልተዋል?

ወጣቷ፦ አንዷ፣ ሃይላንድስ ራንች ያደገች፣ በአምስት ሳምንት ጨረሰች። አባቷ ለጓደኞቹ ደወለላት። አያቷም፣ የጥርስ ሐኪሟም አሉበት። ጎበዝ ልጅ ናት፣ እወዳታለሁ። እኔ ከግንቦት ጀምሬ ገና ግማሹን ትንሽ አልፌ ነው።

አጎት፦ እንግዲህ ሥርዓቱ የተሠራው ለማን እንደሆነ ገባሽ። እሷ የጠየቀችው ከተረፋቸው ነው፤ አንቺ ከሚልኩት ላይ። እያንዳንዱ የምታውቂው ሰው በየወሩ አዲስ አበባ የሚጠብቀው እናት፣ ደሴ የሚጠብቀው ወንድም አለው። ዕቁብ አለበት፣ ዕድር አለበት። ዌስተርን ዩኒየን ላይ ቆሞ የሚሰለፈውን ሰው ነው አንቺ ቁጭ አድርገሽ ራእይሽን የምታስረጂው። የሃይላንድስ ራንቿን ልጅና አንቺን አንድ መስመር ላይ አቁሞ «ሩጡ» የሚል ሥልጠና ፍትሐዊ አይደለም። በዚህ ከቀጠለ ካምፓስ ላይ የሚያገለግሉት ሁልጊዜ አባታቸው የሚደውልላቸው ልጆች ይሆናሉ።

ወጣቷ፦ ይኼን አልከራከርዎትም። ለኃላፊዬም ነግሬዋለሁ። ግን ደግሞ ይስሙኝ ጋሼ። ፍትሐዊ አይደለም ብዬ ብተወው ማን ይቀራል? እነሱ ብቻ። አውራሪያ ደግሞ የእነሱ ዓይነት ካምፓስ አይደለም። ሦስት ትምህርት ቤቶች በአንድ ግቢ ናቸው፤ ሜትሮ፣ ሲዩ ዴንቨርና ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ። ቦልደር ላይ ተማሪው ዶርም ውስጥ ነው፤ ማታ በሩን ብታንኳኪ ታገኚዋለሽ ይሉናል። አውራሪያ ላይ አብዛኛው በባቡር ወይ በ15 ቁጥር አውቶብስ መጥቶ፣ ተምሮ፣ ወደ ሥራው ይሮጣል። የእኛ ሥልጠና ግን ለዶርም የተጻፈ ነው፤ ማታ አንድ ሰዓት ስብሰባ፣ ቅዳሜና እሁድ ኢስትስ ፓርክ ተራራ ላይ ሪትሪት። ሺፍት ያለው ልጅ የትኛው ላይ ይመጣል?

አጎት፦ የትኛውም ላይ።

ወጣቷ፦ ጥቅምት ላይ ነው። ፓርኪንግ ውስጥ አንዲት ልጅ መኪና ውስጥ ተኝታ አየሁ። የኤርፖርት አንጸባራቂ ሰደርያ መስኮቱ ላይ አንጠልጥላ ፀሐይ ከልላበታለች። ጭኗ ላይ የአይስክሬም ጣሳ አለ፤ ውስጡ ፍርፍር። ስልኳ ዳሽቦርዱ ላይ ደቂቃ ይቆጥራል። ጣሳውን አይቼ የእኛ ልጅ መሆኗን አወቅሁ። መስኮቱን ቀስ አድርጌ መታሁና በአማርኛ «ቡና ላምጣልሽ?» አልኳት። ናይት ሠርታ መምጣቷ ነው። ለነርሲንግ መግቢያ የሚያስፈልጋትን ኮርስ እየወሰደች፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል አርባ ደቂቃ ትተኛለች። ስሟን ጠየቅኳት። ነገረችኝና ምን አለችኝ መሰለዎት? «ከነሐሴ ወዲህ እዚህ ግቢ ውስጥ ስሜን አስተካክሎ የጠራኝ የለም።» አሁን ሐሙስ ሐሙስ አርባ ደቂቃዋን ለሁለት እንከፍላታለን። ሃያውን ትተኛለች፣ እኔ ጎን ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ሃያውን ማርቆስን እናነባለን። ጓደኞቼ ይህን ሪፖርት ላይ የት እንደምጽፈው አያውቁም፤ ስብሰባ አይደለም፣ ጥናት አይደለም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። እናቴን እኮ ለዓመታት እንደዚያ መኪና ውስጥ ተኝታ አይቻታለሁ። እርስዎ ሥራሽን ይዘሽ ማታ አገልግይ ይላሉ። ልጅቷ ማታ የለችም። ያለችው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ሥራ ያለው ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት።

አጎት፦ ይኼ መልስ ነው። ልመልስልሽ አልችልም። … ግን የሚያስፈራኝን ልንገርሽ፤ ገንዘቡ አይደለም። አንቺ 22 ዓመትሽ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የልቡን ሲከፍት የሚወጣው ቡናና ማርቆስ ብቻ አይደለም።

ወጣቷ፦ አይደለም።

አጎት፦ ደርሶብሻል?

ወጣቷ፦ ሌላ ተማሪ ናት። ኅዳር ውስጥ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ግድም መልእክት ላከችልኝ። መኖር እንደማትፈልግ ጻፈች። ደወልኩላት። ስልኩን ሳልዘጋ ቤቷ ሄድኩ፤ ሃቫና መንገድ ላይ በረዶው ገና አልተጠረገም ነበር። አብረን 988 ደወልን፣ ከባለሙያዋ ጋር አነጋገርኳት፣ ኃላፊዬን ቀሰቀስኩ። በማግስቱ የካምፓሱ የምክር አገልግሎት ተቀበላት። ደኅና ናት፤ ትማራለች።

አጎት፦ አንቺን ማን ተቀበለሽ?

ወጣቷ፦ ኃላፊዬ ደውሎ ጸለየልኝ።

አጎት፦ ከዚያስ?

ወጣቷ፦ እናቴ ናይት ነበረች። ሦስት ቀን አልተኛሁም። ለማንም አልነገርኩም፤ ምሥጢር ነው። በአራተኛው ቀን ደግሞ የሳፖርት ቀጠሮ ነበረኝ። ቁጭ ብዬ ፈገግ እያልኩ ካርዱን አስረዳሁ።

አጎት፦ አየሽ ልጄ! ይኼ ነው። አባቴ አኩፋዳውን ይዞ ብቻውን ይውጣ እንጂ ማታ የሚገባው የኔታ ደጅ ነው፤ ጎጆው ውስጥ ጓደኞቹ አሉ፣ ቢታመም የሚያስታምመው አለ። እኛም ናዝሬት አምስት ነበርን። አንዳችን ብንፈራ አራቱ ይዘውናል። አንቺን ሌሊት ለሞት ጠርተውሽ፣ ቀን ለገንዘብ ይልኩሻል። ይኼ ለአንድ ልጅ ትከሻ ከባድ ነው። ደግሞ ልጆቻችንን አንድ በአንድ ለቅመሽ ለፈረንጅ ድርጅት ታስረክቢያለሽ፤ እዚያ ይለምዱና እኛ ጋ አይመለሱም።

ወጣቷ፦ የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ብቻዬን መሆን አልነበረብኝም። ሁለተኛውን አልቀበልም። ጋሼ፣ እኔ መጀመሪያ ወደ ማን ነበር የመጣሁት?

አጎት፦ ወደ ማን?

ወጣቷ፦ ወደ ራሳችን ቤተ ክርስቲያን። መጋቢት ላይ፣ ለድርጅቱ ከማመልከቴ በፊት። «ላኩኝ፣ የእናንተ ሆኜ ልሂድ፤ ሙሉ ደመወዝ አልፈልግም፣ ባቡርና ምሳ ብቻ» ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ለካምፓስ በጀት የለንም የሚል መልስ ሰጡኝ። በዚያ ስብሰባ ላይ እርስዎም ነበሩ።

አጎት፦ ነበርኩ።

ወጣቷ፦ ምን አሉ?

አጎት፦ ጣሪያው ይቅደም አልኩ። በረዶ መትቶት ያፈስ ነበር። ኢንሹራንሱ ሁሉንም አልሸፈነም።

ወጣቷ፦ አውራሪያ ግቢ መካከል ቅዱስ ካጄታን የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠሩት ስፓኒሽ ተናጋሪ ካቶሊኮች ናቸው፤ እንደኛ ላባቸውን ያዋጡ ሠራተኞች። ሁለት ማማ አለው፣ ጣሪያው ያማረ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለካምፓሱ ተብሎ ሰፈሩ ሲፈርስ ከ300 በላይ ቤተሰቦች ተነሡ። ሕንጻው ቀረ። ዛሬ የዝግጅት አዳራሽ ነው። በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ።

አጎት፦ እነሱ እኮ ተገፍተው ነው የሄዱት። መንግሥት ነው ያስነሣቸው። እኛን ማንም አላስነሣንም።

ወጣቷ፦ አዎ፣ እነሱን አፈናቅለዋቸው ነው። የእኛ ልጆች ግን ማንም ሳይገፋቸው ነው የሚወጡት።

አጎት፦ …

ወጣቷ፦ አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅርታ።

አጎት፦ አላስቀየምሽኝም። እሁድ ከአገልግሎት በኋላ የሽማግሌዎች ስብሰባ አለ። ደብዳቤሽን እንደገና አነሣዋለሁ። ቤተ ክርስቲያኗ ትላክሽ እላለሁ፤ ገንዘቡ በአንድ ላይ ከሙዳየ ምጽዋቱ ይውጣ፣ አንዲት ባልቴት ፊት ካርድ ይዘሽ አትቀመጪ። በወር አንዴ ደግሞ ሁለት እናቶች ቁጭ ብለው ይስሙሽ፤ ምሥጢሩን ሳይሆን አንቺን። ይህ ሳይሆን እኔ ካርዱን አልሞላም። ሌላውንም «ሙሉ» አልልም።

ወጣቷ፦ እንደገና በጀት የለም ቢሉስ? የጥር ትምህርት ሊጀመር ሁለት ወር አልቀረውም። ሐሙስ የምትጠብቀኝ ልጅ ስብሰባችሁን አትጠብቅም። ካልተስማሙ ካርዴን ይዤ እዞራለሁ ጋሼ፤ አላፍርበትም።

አጎት፦ እንደማታፍሪ አየሁ። አባቴ ቢኖር ዱላውን ይሰጥሽ ነበር፣ ለውሻው። … አንድ ነገር ልጠይቅሽ።

ወጣቷ፦ ይጠይቁኝ።

አጎት፦ ልጄ ሜትሮ እንደሚማር ታውቂያለሽ። ማክሰኞና ሐሙስ ነው ክፍል ያለው። ቤተ ክርስቲያን መምጣት ከተወ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አልጠየቅኩትም፤ ብጠይቀው የሚመልስልኝን ፈርቼ። እዚያ ግቢ ውስጥ አይተሽው ታውቂያለሽ?

ወጣቷ፦ ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳ የምበላው ከእሱ ጋር ነው።